አንድ ኮምፒውተር ለብዙ ተጠቃሚ፡- ሊኑክስ ኪቦርድና ማውስን ለየመቀመጫው የሚያከፋፍልበት አሠራር

በሊኑክስ ሥርዓት አንድን ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ሊሠሩበት ይችላሉ። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ ይመደብለታል፤ ፕሮሰሰሩ፣ ሚሞሪውና ሃርድ ዲስኩ ግን የጋራ ናቸው። እንዲህ ያለው የሥራ ቦታ በባለሙያዎች አጠራር "መቀመጫ" ይባላል።

በብራዚል "ፓራና ዲጂታል" በተሰኘው ፕሮጀክት የፓራና ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች አንድ ኮምፒውተር አራት ተማሪዎችን የሚያስተናግድበትን ዘዴ አዘጋጅተው፣ በግዛቲቱ 2 ሺህ ገደማ በሚሆኑ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሥራ ላይ ውሏል።

በቀደሙት ዓመታት ዋናው ችግር ግብዓቱን መለየት ነበር። ሥርዓቱ ለመሣሪያዎቹ ቁጥር የሚሰጠው ሲነሳ ባገኛቸው ቅደም ተከተል በመሆኑ፣ ዛሬ አራተኛ የነበረው ኪቦርድ ነገ ስድስተኛ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ በእጅ ተጽፎ የተቀመጠ ከሆነ አንዱ ሠራተኛ የጻፈው የይለፍ ቃል በጎረቤቱ ስክሪን ላይ ይወጣል። ይህም ምስጢር ለሚያዝበት መሥሪያ ቤት ቀላል ጉዳይ አይደለም።

መፍትሔው መሣሪያውን በቁጥሩ ሳይሆን በተሰካበት ቦታ መለየት ሆነ። ይህንን ሥራ "ዩዴቭ" እና "ሲስተምዲ" የተባሉት የሥርዓቱ ክፍሎች ያከናውናሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ፌዶራ 17 ለዚሁ የተዘጋጁ የዩኤስቢ ማገናኛዎች ሲሰኩ አዲስ መቀመጫ በራሱ የሚከፍት ነበር።

በሌሎች ኮምፒውተሮች ላይ ባለሙያው "ሎግኢንሲቲኤል" በተባለው ትእዛዝ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ይመለከታል። መጀመሪያ የግራፊክስ ካርዱን ለአዲሱ መቀመጫ ይመድባል፤ ያለ እርሱ መቀመጫው አይፈጠርምና። ቀጥሎ ኪቦርዱንና ማውሱን አንድ በአንድ ከመመደብ ይልቅ የሚሰኩበትን የዩኤስቢ ማከፋፈያ መመደብ ይበጃል። ከዚያ በኋላ በማከፋፈያው ላይ የሚሰካ ኪቦርድ ሁሉ የዚያው መቀመጫ ይሆናል፤ የተበላሸው በአዲስ ሲተካም ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። ምደባው ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ አይጠፋም፤ ስህተት ከተፈጠረም ሁሉንም ወደ መጀመሪያው መቀመጫ የሚመልስ ትእዛዝ አለ።

ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ወይም መብራት ሲቋረጥ ግን የሁሉም ሥራ በአንድ ጊዜ ይቆማል። በኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ባለው ቀዳዳ የሚሰካ ፍላሽ ዲስክም፣ ቀዳዳው ለሌላ እስካልተመደበ ድረስ፣ ማንም ቢሰካው የመጀመሪያው መቀመጫ ንብረት ሆኖ ይቆጠራል።