በጋዜጣ የታወጀ ማጐሪያ

ክፉ ሥራ ሁሉ በስውር ይሠራል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በጀርመን አገር ዳኻውን የሚጐበኝ መንገደኛ ግን ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ እንዳይደለ ይረዳል። ዳኻው ለትልቁ ከተማ ለሙኒክ ጎረቤት የሆነች ጥንታዊት ከተማ ናት፤ የእስረኞቹም ማጐሪያ የተሠራው በምድረ በዳ ሳይሆን በዚህችው ከተማ ዳር፥ ቀድሞ ባሩድና ጥይት ይሠራበት በነበረ ግቢ ነው።

ማጐሪያው የተከፈተው መጋቢት 13 ቀን 1925 ዓ.ም. (በኤውሮጳ አቈጣጠር 1933)፥ ሂትለር ሥልጣን ከያዘ ሁለት ወር ሳይሞላው ነው። በዋዜማውም 5,000 ሰው የሚይዝ ማጐሪያ መቋቋሙ በሙኒክ ጋዜጣ ታወጀ፤ ወሬውም ከሌላው ወሬ ጋር ተነበበ፥ ታለፈም። በመጀመሪያ የተያዙት የመንግሥቱ ተቃዋሚዎች ነበሩ፤ ኋላ ግን አይሁድም፥ ካህናትም፥ ከብዙ አገር የተጋዙ ሰዎችም ገቡበት። በ12 ዓመት ውስጥ ከ200,000 የሚበልጡ ሰዎች ታሰሩ፤ ከነዚህም ከ41,000 የሚበልጡት ሞቱ።

በብረቱ በር ላይ «ሥራ ነፃ ያወጣል» የሚል ቃል ይነበባል። ከበሩ ወዲያ እስረኞቹ ጧትና ማታ ቆመው ይቈጠሩበት የነበረው ሰፊ ሜዳ አለ። የእስረኞቹ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ሁለቱ ለመታሰቢያ እንደ ገና ተሠርተዋል፥ የቀሩት ግን የመሠረታቸው ምልክት ብቻ ይታያል። ከነዚህ አንዱ የካህናቱ የነበረው 26ኛው ቤት ነው። በዳኻው ወደ 2,720 የሚጠጉ ካህናት ታስረው ነበር፤ የሚበዙትም የፖላንድ ሰዎች ናቸው፤ ከሁሉም 1,034ቱ በዚያው ሞቱ። በዚህ ቤት ታኅሣሥ 8 ቀን 1937 ዓ.ም. (1944) በሳንባ ነቀርሳ የታመመው ዲያቆን ካርል ላይስነር፥ አብሮት ከታሰረው ከፈረንሳዊው ጳጳስ ከገብርኤል ፒጌ እጅ በምሥጢር ቅስናን ተቀበለ። እንግዲህ በዚያ ስፍራ ክፋቱ በጋዜጣ ሲታወጅ፥ የተሰወረው በጎው ሥራ ነበር።

ሚያዝያ 21 ቀን 1937 ዓ.ም. (1945) እሑድ ዕለት የአሜሪካ ወታደሮች ደርሰው እስረኞቹን ነፃ አወጡ። አዲሱም ካህን አራት ወር ሳይሞላ በደዌው ዐረፈ። ስፍራው እንዳይረሳ ከሞት የተረፉት እስረኞች ደክመው፥ በ1957 ዓ.ም. (1965) የመታሰቢያ ስፍራ ሆኖ ተከፈተ።

መንገደኛው ወደ ባቡሩ ሲመለስ ስለ ገዳዮቹ ያዝናል፤ ይልቁንም ያን ጋዜጣ አንብቦ ገጹን የገለጠውን ሰው ያስባል።