ዕውቀት የተበደረ ባለቤቱን ይጥራ

ሰው ገንዘብ ተበድሮ ቢክድ ከዳኛ ፊት ይቆማል፤ ዕውቀት ተበድሮ የሚክደውን ግን የሚከሰው ጥቂት ነው። እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ለዚህ በዓል ስለ አተር ዘር አንድ የባዮሎጂ ጽሑፍ አዘጋጅተን ለመምህራችን አቀረብን። እርሳቸውም አንብበው ሲጨርሱ፥ «ልጆቼ፥ ይህን ሁሉ አተር የዘራችሁት መቼ ነው?» ብለው ጠየቁን። አንዲት ፍሬ እንኳ አልዘራንም ነበርና አፈርን። ከዚያ ቀን ጀምሮ፥ በባዮሎጂ ጽሑፍ ውስጥ ምንጭን የመጥቀስ ሥርዓት ከየት እንደ መጣ መረመርን፤ ያገኘነውንም ለአንባብያን እነሆ እንላለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አተሩን የዘራው ግሬጎር ሜንዴል የተባለ የብርኖ ከተማ መነኩሴ ነው። የምርምሩን ውጤት በ1865 በከተማው የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር ፊት አነበበ፤ በ1866ም ታተመለት። ነገር ግን የጠቀሱት ሊቃውንት ጥቂቶች ስለ ነበሩ፥ በ1884 ሲሞት የሥራው ታላቅነት ገና አልታወቀም ነበር። ፎክ የተባለ ጀርመናዊ ግን በ1881 ስለ ተዳቀሉ ዕፀዋት ባሳተመው መጽሐፍ ስሙን አንሥቶ ነበር። በ1900 ደ ፍሪስ፥ ኮረንስና ቼርማክ ስለዚሁ ነገር ጽሑፋቸውን አወጡ። ቼርማክ ወደ ሜንዴል ጽሑፍ የደረሰው በፎክ መጽሐፍ ጥቆማ ነው። ደ ፍሪስ በፈረንሳይኛ ባወጣው አጭር ጽሑፍ የሜንዴልን ስም አልጠራም፤ በጀርመንኛው ግን ጠራው። ኮረንስ ደግሞ ከጽሑፉ አርእስት ላይ ሳይቀር የሜንዴልን ስም አኖረ። እንግዲህ አንዲት ጥቆማ የሞተውን ሰው ድካም ከመረሳት ለማዳን ረዳች ማለት ነው።

በዚያው በ1881 ኤድዋርድ ሎረንስ ማርክ የተባለ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ጥናት መምህር፥ ዛጎል ስለሌለው ቀንድ አውጣ ዕንቁላል ጽሑፍ አሳተመ። በዚያ ዘመን ብዙ ጸሐፊዎች ምንጫቸውን በየገጹ ግርጌ ይጽፉ ነበር። ማርክ ግን ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የጸሐፊውን ስምና የኅትመቱን ዓመት በቅንፍ አስገባ፤ ሙሉውን ዝርዝር በመጨረሻ ሰበሰበ። ዛሬ የሃርቫርድ ሥርዓት የሚባለው ከዚህ እንደ ተነሣ ይነገራል። ሁለተኛው ሥርዓት የቁጥር ነው። በ1978 የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች በካናዳ አገር በቫንኩቨር ተሰብስበው የመከሩበት ሥርዓት፥ ምንጮችን በተጠቀሱበት ተራ ቁጥር ይሰጣል።

ቅንፍ በዕፀዋት ስም ላይም የባለቤት ምስክር ናት። ጤፋችን በሳይንስ ስሟ ኤራግሮስቲስ ቴፍ (ዙካኚ) ትሮተር ተብላ ትጻፋለች። በቅንፍ ያለው ዙካኚ በ1775 አስቀድሞ የሰየማት ነው፤ ትሮተር በ1918 ዛሬ ወዳለችበት ወገን ያዛወራት ነው። የኋለኛው የፊተኛውን ስም አላጠፋም።

አጻጻፉ ከባድ አይደለም። ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ (ሜንዴል፥ 1866) ብለን እንጽፋለን። በጽሑፉ መጨረሻ ደግሞ የጸሐፊውን ስም፥ ዓመቱን፥ አርእስቱን፥ የመጽሔቱን ስም፥ ጥራዙንና ገጹን በተራ እናኖራለን፤ ለሜንዴል 4ኛ ጥራዝ፥ ከገጽ 3 እስከ 47 ማለት ነው። ዋናውን ሳናነብ ከሌላ መጽሐፍ ያገኘነው እንደ ሆነ፥ ያንን ያነበብነውን መጽሐፍ መናገር ይገባናል። ያላነበቡትን አነበብን ማለት ሁለተኛ ክሕደት ነውና።

እኛም ጽሑፋችንን እንደ ገና ጻፍነው። ከፊተኛው አጠረ፤ ነገር ግን እውነተኛ ሆነ። የእኛ የሆነው ጥቂት እንደ ነበረ ያን ጊዜ ታወቀን፤ ይህን ማወቃችንም አልጐዳንም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ ሳይንስም የብዙ ሰዎች ድር ነው። ከእኛ በኋላ የምትመጡ ታናናሾቻችን ሆይ፥ የራሳችሁን ክር ስትጨምሩ የፊተኞቹን ክር ማን እንደ ፈተለው መጻፍን አትርሱ።