የቻይና ነዶዎች

በአልጀብራ ሦስት ያልታወቁ ቁጥሮችን ባንድነት የምንፈታበት ዘዴ በጋውስ ስም ይጠራል፤ ይህ ግን ፍትሕ አይመስለኝም። ጋውስ የተወለደው በ1777 እ.አ.አ. ነው። ሊዩ ኹዊ በ263 እ.አ.አ. ማብራሪያ የጻፈለት የቻይናዎች መጽሐፍ «ዘጠኙ ምዕራፎች» ግን በስምንተኛው ምዕራፉ እንዲህ ይጠይቃል፦ 3 ምርጥ፥ 2 መካከለኛና 1 ዝቅተኛ ነዶ 39 መስፈሪያ እህል ይሰጣሉ፤ 2 ምርጥ፥ 3 መካከለኛና 1 ዝቅተኛ 34፤ 1 ምርጥ፥ 2 መካከለኛና 3 ዝቅተኛ 26። የእያንዳንዱ ነዶ ፍሬ ስንት ነው?

ቻይናዎቹ ፊደል ሳይጠቀሙ ቁጥሮቹን በትንንሽ በትሮች በዓምድ ደርድረው፥ አንዱን ዓምድ አባዝተው ከሌላው ይቀንሱ ነበር። ቅናሹ ከባዶ በታች ቢወርድስ? ሊዩ ኹዊ ለትርፉ ቀይ፥ ለጉድለቱ ጥቁር በትር ይላል (በደብተራችን ላይ ቀይ የሚያመለክተው ተቃራኒውን ነው!)። መልሱ 9¼፥ 4¼ና 2¾ ነው። እኔ በፊደል ስፈታው ምልክት ስቼ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ።