የሽንፋ ወንዝና የሻለቃ ጉዊን መስመር

ሽንፋ ወንዝ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ሲገባ ስሙ ተለውጦ ራሃድ ይባላል። ውሃው ያው ውሃ ነው። አፈሩም ያው ጥቁር አፈር፣ አዝመራውም ያው ሰሊጥና ማሽላ ነው። ታዲያ «እስከዚህ የእኔ፣ ከዚያ ወዲያ ያንተ» የሚለውን መስመር ማን አሰመረው? በየትኛው ሕግ? በ2013 ዓ.ም የሱዳን ጦር አልፋሽቃ ከገባ ወዲህ ስለ ድንበሩ የማይናገር የለም፤ ሰነዶቹን አንብቦ የሚናገር ግን ጥቂት ነው።

ከታሪኩ እንነሳ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም መተማ ላይ ወደቁ። ሁለት ወር ሳይሞላ የውጫሌ ውል ተፈረመ። በዚያ ዘመን «ዓለም አቀፍ ሕግ» የሚባለው የአውሮፓ መንግሥታት የእርስ በርስ ሕግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884–85 በርሊን ላይ ስለ አፍሪካ ሲመክሩ ከአፍሪካ መንግሥታት አንድም አልተጋበዘም። ዓድዋ ግን ነገሩን ለወጠው፤ ኢትዮጵያ ሌሎች የሚዋዋሉባት ሳይሆን ራሷ የምትዋዋል አገር መሆኗን አስመሰከረች።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም አፄ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ የድንበር ውል ፈረሙ። የውሉ አንቀጽ 2 ድንበሩ መሬት ላይ የሚከለለው ሁለቱ ወገኖች በሚሰይሙት የጋራ ኮሚሽን ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ1903 ግን ምልክቱን የተከለው እንግሊዛዊው ሻለቃ ጉዊን ነው፤ የኢትዮጵያ ኮሚሽነር አብሮት አልነበረም። የኢትዮጵያ ወገን ለረጅም ዘመን ሲያነሳው የኖረው ክርክር መነሻው ይኸው ነው።

ከዚያ ሕጉ ራሱ ተለወጠ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1964 ካይሮ ላይ አባል አገሮች በነፃነታቸው ቀን የነበረውን ድንበር እንዲያከብሩ ወሰነ። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1986 በቡርኪና ፋሶና በማሊ ክርክር ይህንኑ መርሕ አጸና። ቅኝ ገዥ ያሰመረውን ማክበር ለብዙዎች መራራ ነው፤ አማራጩ ግን አህጉሩን ሙሉ እንደገና በጦር መለካት ነበር።

ሐምሌ 11 ቀን 1964 ዓ.ም የኢትዮጵያና የሱዳን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች፣ ዶክተር ምናሴ ኃይሌና ዶክተር መንሱር ኻሊድ፣ ደብዳቤ ተለዋወጡ። በካርቱም በኩል የሚጠቀሰው ግማሹ ነው፦ ኢትዮጵያ የጉዊንን መስመር ለዳግም ማካለል መሠረት አድርጋ ተቀበለች። በእኛ በኩል ደግሞ የሚጠቀሰው ሌላው ግማሽ ነው፦ ከመስመሩ ወዲያና ወዲህ የሰፈሩትና የሚያርሱት ገበሬዎች ጉዳይ በስምምነት እንዲፈታ፣ እስከዚያም ድረስ ያለው ሁኔታ ባለበት እንዲቆይ። ደብዳቤው ሁለቱንም ይዟል። ግማሹን ብቻ የሚያነብ ሰው፣ አዲስ አበባም ይቀመጥ ካርቱም፣ ሕግ ጠቀስኩ ማለት አይችልም።

አንድ የሩቅ አገር ፍርድ እዚህ ይጠቅመናል። ስለ ታይላንድና ካምቦዲያ ድንበር የተፈረመው ውል ድንበሩ የተራራውን ውሃ መክፈያ ይከተላል ይል ነበር። ፈረንሳዮች የሠሩት ካርታ ግን ፕሬያ ቪሂር የተባለውን ቤተ መቅደስ ለካምቦዲያ ሰጠ። ታይላንድ ለብዙ ዓመታት ተቃውሞ አላቀረበችም። እ.ኤ.አ. በ1962 ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ቤተ መቅደሱን ለካምቦዲያ ፈረደ፤ ዝምታ እንደ መቀበል ተቆጠረ።

ስለዚህ ለእኛ የሚበጀው በየመድረኩ መፎከር አይደለም። የ1894ቱን ውልና የ1964ቱን ደብዳቤ ሙሉውን ለሕዝብ ማሳተም፣ መብት ሲነካ በወቅቱ በጽሑፍ መቃወም፣ የገበሬውንም የይዞታ ማስረጃ ሰብስቦ ማስቀመጥ ነው። በድንበር ክርክር ጊዜ ክረምት በገባ ቁጥር ልዝራ አልዝራ ብሎ የሚጨነቀው ቆላ ያለው አራሽ ነው። ድንበሩ በተካለለበት ቀን አልተጠየቀም፤ እንደገና ሲካለል ግን መጠየቅ አለበት።