የድጓ ምልክትና ጥቁሩ መስኮት

መቼም ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ፊደል ብቻ የምታሳይ ኮምፒውተር ለብዙ ሰው የተበላሸች ትመስለዋለች። እኔ ቤቴ የምሠራባት ትንሽ ማሽን የዩኒክስ ዘመድ በሆነው በሊኑክስ ስለምትሄድ ከዚህ መስኮት ጋር ተላምጃለሁ። ትእዛዙን በጽሑፍ ትሰጧታላችሁ፤ ከገባት ሥራዋን ሠርታ ዝም ትላለች፤ ካልገባት ብቻ ትናገራለች። ቁጥብ ናት። ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ካምታታችሁባት ግን አትምርም።

ዩኒክስን እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ፣ ቤል ላብራቶሪ ውስጥ የጀመሩት ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ናቸው። ሲወለድ የሚያውቀው የላቲንን ፊደል ነበር። በ1990ዎቹ በውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የነበሩ ወገኖቻችን በእነዚህ ማሽኖች መጻጻፍ ሲጀምሩ አማርኛውን በላቲን ፊደል ማስኬድ ግድ ሆነባቸው። ሁሉም እንደመሰለው ስለሚጽፍ የአንዱ «ተ» ለሌላው «ጠ» ይሆንበታል። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» የተባለውን የአጻጻፍ ሥርዓት ያዘጋጁት ለዚህ ነው። ስሙ ሴራ ይሁን እንጂ ተንኮል የለበትም፤ ትንሿ «ቲ» ለተ፣ ትልቋ «ቲ» ለጠ ትቆማለች። ያ የማሽኑ ግትርነት እዚህ ላይ ጠቀመ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ፊደላችን ራሱ በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቦታውን አገኘ።

እንግዲህ ነገሩ አለቀ እንዳንል ጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም ትጠይቀናለች። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓ ደግሞ ቃል ብቻ አይደለም። ከቃሉ በላይ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥ ይቀመጡበታል፤ ዜማውን የሚያስታውሱ ደቃቅ ፊደላትም አሉበት። ተማሪው እነዚህን ሁሉ ከመምህሩ አፍ ሰምቶ፣ በገዛ እጁ ጽፎ፣ አሳርሞ ነው የሚወጣው።

ምልክቶቹ እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኒኮድ 4.1 ገብተዋል። የገቡት ግን ለየብቻ እንደሚቆሙ ምልክቶች ነው፤ ከቃሉ በላይ መስቀሉ ለገጽ አቀናባሪው ተትቷል። ስለዚህ በጥቁሩ መስኮቴ ላይ ስጽፋቸው ከፊደሉ ጎን ይሰለፋሉ። ከላይ ሆኖ ድምፅን ይመራ የነበረው ወርዶ ከቃሉ ጋር ይጋፋል። የትኛው ምልክት የየትኛው ፊደል እንደሆነ የሚያውቀው ቀድሞውኑ ዜማውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ጉዳዩ የቅንጦት አይደለም። ብራናውን ፎቶ ማንሳት መልካም ነው፤ ነገር ግን ፎቶ ውስጥ ቃል ፈልጎ ማግኘት፣ አንዱን ድጓ ከሌላው ማስተያየት ያስቸግራል። ምልክቱን ጥሎ ቃሉን ብቻ የሚተይብ ደግሞ የያሬድን ግማሽ ነው ያተረፈው። ሴራን ያዘጋጁት ሰዎች ማሽኑ አማርኛ እስኪማር አልጠበቁም። ለድጓውም እንዲሁ ነው፤ መምህሩና የኮምፒውተር ባለሙያው አንድ ላይ ይቀመጡ፤ እርማቱን ግን እንደ ወትሮው መምህሩ ይስጡ።