ጥቃቅን ፈተናዎች በዐቢይ ጾም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዐቢይ ጾም ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የጾመው 40 ቀን ሲሆን፣ ዘወረደና ሰሙነ ሕማማት ተጨምረውበት 55 ቀናት ይጾማል። ጌታችን በገዳመ ቆሮንቶስ በስስት፣ በትዕቢትና በፍቅረ ነዋይ ተፈትኖ ድል አድርጓል (ማቴ. 4፥1-11)። የመጀመሪያው ፈተና ስለ እንጀራ እንደ ነበር እናስተውል። ለተራበ ሰው መብላት በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ጠላት ግን ተገቢ ከሚመስለው ነገር ጀመረ። የጥቃቅን ፈተናዎች ጠባይም ይኸው ነው፤ ጾሙን «ተዉት» አይሉንም፣ «አቅልላችሁ ያዙት» ይሉናል።

ለቡኢና ለአካባቢዋ ምእመናን ቅርብ ምሳሌ አለ። በሶዶ ወረዳ በሚገኘው በምድረ ከብድ ገዳም የጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ የዕረፍት በዓል መጋቢት 5 ቀን ይከበራል። በባሕረ ሐሳብ ስሌት ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀን ቀድሞ፣ ከመጋቢት 5 ቀንም ዘግይቶ አይገባም፤ ስለዚህ በዓሉ ምንጊዜም በጾም ውስጥ ይውላል። ምግብ ባለመቅመሳቸው የሚታወቁትን ጻድቅ በጾም ማክበር ትልቅ ትምህርት አለው።

ይሁን እንጂ ፈተናው በበዓልም አይቀርም። ተጓዡን «መንገደኛ ነህ» እያለ ያለ ሰዓቱ እንዲቀምስ፣ በመኪናም ውስጥ ማን እንደ ጾመና እንዳልጾመ እያነሣ እንዲያማ ይገፋፋዋል። ነጋዴውን በእንግዳ ላይ ዋጋ እንዲጨምር፣ የቤት እመቤቷን ቅቤው በቀረበት ማዕድ ላይ የጾም ወጡን ዓይነት እንድታበዛ ያባብላል። ስልካችንም የጸሎታችንን ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ይወስዳል።

ታዲያ እንዴት እንቋቋማቸው?

አንደኛ፣ ገና በሐሳብ ሳሉ እንያዛቸው። የወይኑን ቦታ የሚያጠፉት ትናንሾቹ ቀበሮዎች መሆናቸውን መጽሐፍ ያስተምረናል (መኃ. 2፥15)።

ሁለተኛ፣ የምንጾምበትን ሰዓት ከንስሐ አባታችን ጋር አስቀድመን እንወስን። የታመመና አቅም ያነሰው ሰው ምክሩን ከእርሳቸው ይቀበል እንጂ በየዕለቱ ከሆዱ ጋር አይደራደር።

ሦስተኛ፣ ከማዕዳችን የተረፈውን ለተራበ እንስጥ (ኢሳ. 58፥7)። ያልበላነው ምሳ በኪሳችን ከቀረ ጾሙ ቁጠባ ብቻ ይሆናል።

አራተኛ፣ የፈተናው ሰዓት ሲደርስ ባዶ እጃችንን አያግኘን፤ በጸሎት፣ በስግደትና በቅዳሴ እንጽና።

ከሁሉ በላይ የምንጠነቀቀው ከትንሹ ውድቀት በኋላ የሚመጣውን ሐሳብ ነው። በቁጣ ወይም በአንድ ጉርሻ የተሰናከለን ሰው ጠላት «ከእንግዲህ ጾምህ ፈርሷል» ይለዋል። ጥቃቅን ፈተናዎች ብዙዎችን ከጾሙ የሚያስወጡት በዚህ ተስፋ መቁረጥ ነው። የወደቀ ግን በዚያው ሰዓት ተነሥቶ የቀረውን ቀን ይጹም፤ ለንስሐ አባቱም ይንገር። የንስሐ በር በጾም ወራት አይዘጋም።

የጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ምልጃና በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር