ዜና ምርምር ዘአራት ኪሎ ወዘስድስት ኪሎ

በ1943 ዓ.ም፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አራት ኪሎ ላይ ማስተማር ጀመረ። ኮሌጁን እንዲመሩ የተሾሙት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ፤ እኚህም ሰው አስቀድመው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ያስተዳደሩ ናቸው። ተማሪው ጥቂት፣ መጽሐፉም ጥቂት ነበር። በነዚያ ዓመታት ዋናው ሥራ ማስተማር እንጂ መመርመር አልነበረም፤ ምርምር ገና የራሱ ቤት አላገኘም።

ቤት ያገኘው በዓለም ስምምነት ነው። ከሐምሌ 1949 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም ድረስ የብዙ አገሮች ሊቃውንት ምድርንና ከባቢዋን በአንድነት ሊለኩ ተስማሙ፤ ዘመኑንም ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት አሉት። ለዚህ ሥራ አዲስ አበባ ተፈላጊ ሆነች። ምክንያቱም የማግኔት ወገብ የሚባለው መስመር በአቅራቢያዋ ያልፋል፤ በዚያ መስመር ላይ በነፃነት የተንጠለጠለ የማግኔት መርፌ ወደ ታችም ወደ ላይም ሳያዘነብል አግድም ይጋደማል። ከመቶ ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይም ፀሐይ በወጣች ቁጥር ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ያን ጅረት ከምድር ሆኖ መከታተል የሚቻልባቸው ቦታዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው።

በኮሌጁ ፊዚክስ ያስተምሩ የነበሩት አባ ፒየር ጉዋን ሥራውን ተቀበሉ። በጥር 1950 ዓ.ም መሣሪያዎቹ የማግኔቱን ለውጥ ሌት ተቀን መመዝገብ ጀመሩ። ያ ምልከታ ጣቢያ ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር አለ። በቀጣዮቹ ዓመታት የምድርን ንዝረት የሚጽፍ መሣሪያ ተጨመረለት፤ ሰማይን ሊያይ የተመሠረተው ቤትም ምድርን ማድመጥ ያዘ።

ብዙም ሳይቆይ ምድር ተናገረች። በ1953 ዓ.ም፣ በግንቦት ወር፣ በሸዋና በወሎ መካከል በካራ ቆሬ አካባቢ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ተነሣ። በወሩ ማብቂያ በሌሊት የመጣው ታላቁ ነው። ማጀቴ ፈረሰች፣ በካራ ቆሬም ብዙ ቤት ወደቀ፣ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ተሰነጠቀ። አባ ጉዋን ጉዳቱን ሲመረምሩ አንድ ጥያቄ ያዛቸው፤ ይህ ነገር ከዚህ በፊት ሆኖ ያውቃል? መሣሪያው የጥቂት ዓመት ዕድሜ ብቻ ስለነበረው መልስ አልነበረውም። ሕንፃ የሚሠራ መሐንዲስና ግድብ የሚያቅድ መንግሥት ግን የመቶና የሁለት መቶ ዓመት መልስ ይሻሉ።

መልሱ ከብራናው መጣ። የነገሥታቱን ዜና መዋዕል የጻፉት ጸሐፍት ዘመቻውንና ሹመቱን ሲመዘግቡ የምድርን መናወጥም አልተዉትም። አባ ጉዋን ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ የተጻፈውን፣ ዜና መዋዕሉንም የመንገደኞችንም ማስታወሻ፣ መልቀም ጀመሩ። ሥራው አድካሚ ነው። የጥንቱ ጸሐፊ ዘመን የሚቈጥረው በንጉሡ ዓመተ መንግሥት ነው፤ ዕለቱን የሚጠራው በቅዱሳን በዓል ነው፤ ይህ ሁሉ ወደ አንድ አቆጣጠር መመለስ አለበት። መንቀጥቀጡን የአንድ ንጉሥ ሞት ወይም የአንድ ጦርነት ምልክት አድርጎ የሚጽፍ ጸሐፊም ስላለ የአንዱ ቃል በሌላ ምስክር መፈተን ነበረበት። በዚህ መንገድ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1835 ዓ.ም፣ አንኮበርን ያፈረሰው መንቀጥቀጥ ከተረሳበት ወጣ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም፣ ከላንጋኖ አካባቢ ተነሥቶ አዲስ አበባን ያናወጠውም ቦታና መጠን ተሰጠው።

የመነኮሳቱና የጸሐፌ ትእዛዛቱ ቀለም ለፊዚክስ መረጃ ሆኖ ሲያገለግል ማየት ትልቅ ነገር ነው። የአባ ጉዋን መጽሐፍ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1979 ኦታዋ ላይ ታተመ። ሥራው ገና ሳያልቅ መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም በአፋር የሰርዶ ከተማ በመንቀጥቀጥ ወደመች፤ እርሷም በመዝገቡ ገባች።

ወደ ኮሌጁ ነገር እንመለስ። ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም ኮሌጁ ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ተጠቃሎ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ተመረቀ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ስድስት ኪሎ የሚገኘውን ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጡት።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ፈጽመው ተመለሱ። የብልሃርዝያን በሽታ ሊያጠኑ ዓድዋ ወረዱ። የዚህ በሽታ ተሐዋሲ ከሰው ዐይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ወደ ውኃ ይገባል፤ በቀንድ አውጣ ሆድ ተራብቶ ይወጣል፤ ውኃ ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ካልተገኘ ዑደቱ ይቋረጣል። አክሊሉ በወንዙ ዳር ሲሄዱ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አዩ፤ ከዚያ በላይና ራቅ ባለው ስፍራ ግን ሕያዋን ነበሩ። ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ ሕያዋኑ ወዳሉበት ውኃ እንድትጨምር ለመኗት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

የኢትዮጵያ ሴት ነጠላዋንና ጋቢውን በእንዶድ ስታነጣ ዘመናት አልፈዋል። ሳይንቲስቱ የጨመሩት ጥያቄውንና ፈተናውን ነው፤ ይህም ቀላል አይደለም። በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የእንዶድን ዝርያ ከየአገሩ ሰብስበው ኃይለኛውን ለዩ፤ በመጨረሻ የተመረጠው ዓይነት 44 የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ አምስት ዓመት ያህል የዓድዋ ወንዞች በእንዶድ ታከሙ። ከትንንሽ ልጆች መካከል ግማሹ በበሽታው የተያዘ ነበር፤ በፍጻሜው ከመቶው ወደ 7 ወረደ።

ይህን የመሰለ ውጤት ይዘው ዓለምን ለማሳመን ዓመታት ፈጀባቸው። እንዶዱ ለሰውና ለአካባቢ ጉዳት እንደሌለው የሚያሳየው ፈተና ደረጃው በታወቀ ቤተ ሙከራ ይደገም ተባለ፤ በአገር ውስጥ የተደረገው አልበቃም። አክሊሉ በዚህ አዝነው በአደባባይ ተናግረዋል፤ አፍሪካዊ ተመራማሪ በአገሩ ያገኘውን ነገር ሌላው እስኪደግምለት መጠበቅ የለበትም የሚል ክርክራቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተዉትም። እ.ኤ.አ. በ1989 አክሊሉና ለገሠ ራይት ላይቭሊሁድ የተሰኘውን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ገብቶ የውኃ ቧንቧ የሚዘጋውን ዛጎል ለበስ እንስሳ እንዶድ እንደሚገድል የታየው ከዚያ በኋላ ነው፤ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና አክሊሉ በጋራ አረጋገጡት። ዶክተር አክሊሉ በ1989 ዓ.ም አረፉ፤ ኢንስቲትዩቱም በስማቸው ይጠራል።

ስለ ትምህርት ምርምር ደግሞ እንጽፍ። በ1957 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲው ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥቶ እንዲያገለግል ደነገገ። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆኑ። ዩኒቨርሲቲው የአገሩን ትምህርት ቤት፣ ጣሪያው የሚያፈሰውን ክፍልና ያለ መጽሐፍ የሚማረውን ልጅ፣ በተማሪዎቹ ዐይን ያየው ያን ጊዜ ነው።

በ1964 ዓ.ም ደግሞ መላውን የትምህርት ሥርዓት የሚመረምር ታላቅ ጥናት ተደረገ፤ የትምህርት ሴክተር ሪቪው ይባላል። የትምህርት ሚኒስቴር ሹማምንት፣ የዩኒቨርሲቲው ሊቃውንትና የውጭ አገር ባለሙያዎች በ14 የሥራ ቡድን ተከፍለው ሠሩት። ጥናቱ ብዙ እውነት ይዞ ነበር፤ ትምህርቱ ለከተማ ያደላ፣ ገበሬውን የዘነጋ መሆኑን ገልጧል። ለብዙኃኑ ልጆች ግን አራት ዓመት የሚቆይ መሠረታዊ ትምህርት ዐቀደላቸው። ሰነዱ ተሠርቶ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ለሕዝብ ሳይገለጥ ቆየ። በ1966 ዓ.ም ወሬው ሲወጣ መምህሩ ደመወዙ እንደሚጎዳ ፈራ፤ ወላጅም የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም ማለት ነው ብሎ ተቆጣ። የካቲት 11 ቀን መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ባለታክሲዎችም በነዳጅ ዋጋ ምክንያት በዚያው ዕለት ቆሙ። መንግሥት ዕቅዱን ተወው፤ ግን ሰልፉና አድማው አልቆመም፤ በአዲሱ ዓመት መባቻ ዘውዱ ወደቀ።

ጥናቱ ብቻውን ንጉሥ አላወረደም፤ ረኀቡም፣ የጦሩ ብሶትም፣ የኑሮ ውድነቱም አሉበት። ሆኖም በዓድዋ ወንዝ ዳር አጣቢዋ ተጠየቀች፤ በሴክተር ሪቪው መምህሩና ወላጁ በጊዜው አልተጠየቁም። የሁለቱ ጥናቶች ዕጣ የተለያየበትን ምክንያት የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቢጀምር አይሳሳትም።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀመረ፤ ተማሪውና መምህሩ ወደ ገጠር ወጣ። የዩኒቨርሲቲው ክፍሎች ባዶ ቀሩ።

በ1972 ዓ.ም የተጀመረው የአገሩን ዕፅዋት የመመዝገብ ሥራ ግን ዘውዱን ከተካው ወታደራዊ አገዛዝ ዕድሜ በለጠ። የኢትዮጵያ ዕፅዋት ከ19ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ተለቅመው የተወሰዱት ወደ ውጭ ነው። ጀርመናዊው ሺምፐር በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ገብቶ በትግራይ አርጅቶ ሞተ፤ የሰበሰባቸው በአውሮፓ ቤተ መዛግብት ተከፋፈሉ። ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር የአገሩን ዕፅዋት የዘረዘረበትን መጽሐፍ ያተመው ፓሪስ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ የመንደሩን ቅጠል በትክክለኛ ስሙ ሊያውቅ ሲሻ ለንደን፣ ፓሪስ ወይም ፍሎረንስ ሄዶ ደረቁን ናሙና ማየት ነበረበት። በአራት ኪሎ የደረቁ ዕፅዋት ቤተ መዘክር እ.ኤ.አ. በ1959 ቢመሠረትም ገና ትንሽ ነበር።

የአዲስ አበባና የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ሊያቃኑ ተስማሙ። በኡፕሳላ በኩል ኢንጋና ኦሎቭ ሄድበርግ፣ በአዲስ አበባ በኩል በመጀመሪያ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ በኋላም ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው መሩት፤ ሱ ኤድዋርድስ ጽሑፉን በአርታኢነት ደከሙበት። ሥራው እንዲህ ነው፤ ሰብሳቢው ተራራ ወጥቶ፣ በረሃ ወርዶ ቅርንጫፉን ከነአበባው ይቆርጣል፤ በጋዜጣ መካከል አድርጎ በመጭመቂያ ያደርቀዋል፤ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑንና ባላገሩ የሚጠራበትን ስም ይጽፋል። ከዚያ አንድ ሊቅ አንድ ቤተሰብ ይዞ የናሙናዎቹን ቅጠልና አበባ ከድሮው ጋር ያስተያያል።

መጽሐፉ በተራ አልወጣም። መጀመሪያ የታተመው ሦስተኛው ቅጽ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1989። ጤፍ ያለበት የሣሮች ቅጽ በ1995 ወጣ። አንደኛው ቅጽ ከስምንተኛው ጋር በ2009 ተከተለ። 8 ቅጽ በ10 መጽሐፍ። ከ6,000 ያላነሱ ዕፅዋት ተመዘገቡ፤ ከመቶው ወደ 10 የሚጠጉት ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም አይበቅሉም። የተማሪ ትውልድ የተፈራረቀበት ሥራ ነው፤ በድርቅና በጦርነት መካከል አለመቋረጡ የሚያስደንቅ ነው።

ወደ ምድር መናወጥ ደግሞ እንመለስ። በ1998 ዓ.ም መስከረም የአፋር ምድር ደባሁ በሚባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መስከረም 16፣ በደመራ ዕለት፣ መሬቱ ተሰንጥቆ አመድ ወደ ሰማይ ተነሣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎቹ ገዛኸኝ ይርጉና አታላይ አየለ ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ስፍራው ሄዱ፤ አርብቶ አደሩም ያየውን ነገራቸው። ቆይቶ የሳተላይት ምስል እንዳሳየው ከምድር በታች ቅልጥ አለት 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት ዘልቆ መሬቱን እስከ 8 ሜትር አራርቆት ነበር። አህጉር ሲከፈል ሊቃውንት በዐይናቸው ያዩበት ብርቅ አጋጣሚ ሆነ።

በ2017 ዓ.ም መስከረም ተራው የአዋሽ ፈንታሌ ሆነ። መንቀጥቀጡ ለወራት ቀጠለ፤ የአዲስ አበባ ፎቆች ተወዛወዙ፤ ከአፋርና ከኦሮሚያ በኩል በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ። ፕሮፌሰር አታላይ አየለ በየመገናኛ ብዙኃኑ እየቀረቡ ከሥር የሚንቀሳቀሰውን ቅልጥ አለት ለሕዝቡ አስረዱ። የከሰም ስኳር ፋብሪካ ሥራ አቆመ። የካቲት 7 ቀን መጠኑ 6 የደረሰው ተመዘገበ።